መቁጠርና ብዛትን መገንዘብ፦ የመጀመሪያው የሒሳብ ትምህርት በቤት ውስጥ



አንድ ሕፃን እስከ ሃያ ያለ ስሕተት ስለ ጠራ ብቻ መቁጠር ችሏል ማለት አይደለም። ጌልማንና ጋሊስቴል በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ከአምስቱ የአቆጣጠር መርሖች ሦስቱ እነዚህ ናቸው፦ የቁጥር ስሞችን ቅደም ተከተል መጠበቅ፣ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ስም ብቻ መስጠት፣ በመጨረሻ የተጠራው ቁጥር የጠቅላላውን ብዛት እንደሚገልጽ መገንዘብ። ሦስተኛው ሳይጨበጥ የተጀመረ መደመር ሽምደዳ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ለማስጨበጥ ቤት ምቹ ስፍራ ነው። ቡና ሲፈላ እናት ልጇን «ስኒዎቹን ቁጠር» ከማለት ይልቅ «ለሁላችን የሚበቃ ስኒ አምጣ» ብትለው፣ ሰዎቹን ቆጥሮ፣ ብዛቱን በአእምሮው ይዞ፣ ያንኑ ያህል ስኒ መለየት ይኖርበታል። ቢሳሳት የሚያርመው ስኒ ያልደረሰው ሰው ነው። በቅልሞሽም አምስት ጠጠሮች አንዴ አንድና አራት፣ አንዴ ሁለትና ሦስት ሆነው ሲከፈሉ፣ ድምሩ እንደማይለወጥ እጁ ይማራል።

ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረች እናት ሒሳብ ማስተማር አትችልም የሚለው አስተሳሰብ መሠረት የለውም። የመምህሩ ድርሻ ወላጅን በተጨማሪ የቤት ሥራ ማስጨነቅ ሳይሆን፣ «ስንት ሆኑ? እንዴት አወቅህ?» የሚሉትን ጥያቄዎች ማስለመድ ነው።