ደሙ ለምን ይረጋል? የፀረ-ፎስፎሊፒድ ምርመራ ትውውቅ

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ቆሼና አለርት ሆስፒታል ጎረቤታሞች ናቸው። የከተማዋ ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት ከተደፋበት ክምር ዙሪያ ለሥጋ ደዌ ሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰዎች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ይኖራሉ። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ከዚያ በፊት በነበረው የልዕልት ዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ላይ ነው። በግቢው የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም ከተመሠረተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለ አንድ የደም ምርመራ ስጽፍ ከዚህ ሰፈር የተነሣሁት ውጤቱ እዚህ ከሌላው ቦታ ይልቅ በጥንቃቄ መነበብ ስላለበት ነው።

ምርመራው የሚፈልገው በሽታ ፀረ-ፎስፎሊፒድ ሲንድረም ይባላል። ፎስፎሊፒድ የሕዋስ ሽፋን የተሠራበት የስብ ዓይነት ነው። ጀርም እንዲዋጉ የሚመረቱት አንቲቦዲዎች ዒላማቸውን ስተው ይህን ስብና ከእሱ ጋር የሚጣበቁ የደም ፕሮቲኖችን ሲያጠቁ ደም በማይገባው ቦታ ይረጋል። የረጋው ደም እግር ያሳብጣል፤ ወደ ሳንባ ከሄደ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ አንጎል ውስጥ ከሆነ ገና ወጣት የሆነን ሰው በስትሮክ ይጥላል። በነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ እንግዴ ልጁን ይጎዳና ጽንሱ ይወርዳል፣ ወይም ሆድ ውስጥ ይሞታል። ልጅ አልበረክት ያላትን ሴት ጎረቤት ‹‹ሾተላይ አለባት›› ብሎ ያልፋታል። የአርኤች ደም አለመጣጣም አንዱ ምክንያት ነው፣ ይህኛውም ሌላ። ሁለቱንም መከላከል እየተቻለ ሴቲቱ ዕድሏን ስታማርር መኖሯ ያንገበግበኛል።

የምርመራው ታሪክ የሚጀምረው ከቂጥኝ ነው። ጀርመናዊው ኦገስት ፎን ቫሰርማን እ.ኤ.አ. በ1906 የቂጥኝ የደም ምርመራ አወጣ። ኋላ እንደታወቀው ያ ምርመራ የሚይዘው የጀርሙን ሳይሆን የአንድ ስብን አንቲቦዲ ነበር። ስቡን አሜሪካዊቷ ሜሪ ፓንግቦርን እ.ኤ.አ. በ1941 ከበሬ ልብ ለይታ አወጣችውና ካርዲዮሊፒን ተባለ። በቅድመ ወሊድ ክትትል የሚታዘዙት ቪዲአርኤልና አርፒአር ዛሬም በዚሁ ስብ ይሠራሉ። ስለዚህ ቂጥኝ ነክቷት የማያውቅ ሴት ‹‹ፖዘቲቭ›› ልትባል ትችላለች። ያ ወረቀት ቤት ሲገባ ባልና ሚስት ምን እንደሚሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። በጀርሙ ላይ የተነሣውን አንቲቦዲ በሚለየው ምርመራ፣ ለምሳሌ በቲፒኤችኤ፣ ሳይረጋገጥ ማንም ሴት ‹‹ቂጥኝ አለብሽ›› ባትባል እወዳለሁ።

እንዲህ ያለው ሐሰተኛ ውጤት ሉፐስ የተባለው በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ደጋግሞ ይታይ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ግርሃም ሂዩዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 አንቲቦዲውን ከደም መርጋትና ከተደጋጋሚ ውርጃ ጋር አያያዙት፤ በዚያው ዓመትም የካርዲዮሊፒንን አንቲቦዲ በቀጥታ የሚለካ ምርመራ ወጣ።

ዛሬ ሦስት ምርመራዎች አብረው ይታዘዛሉ። ሁለቱ፣ ፀረ-ካርዲዮሊፒንና ፀረ-ቤታ 2 ግላይኮፕሮቲን 1፣ ብዙውን ጊዜ በኤላይዛ ይሠራሉ። ሦስተኛው ሉፐስ አንቲኮአጉላንት ነው፤ በጣም የሚደንቀውም እሱ ነው። ቴክኒሻኑ ሰማያዊ ክዳን ባለው ቱቦ ደም ይቀዳል፤ ፕላትሌት የተባሉት ጥቃቅን ሕዋሳት እንዳይቀሩበት በሴንትሪፉጅ ሁለት ጊዜ ያሽከረክረዋል። የራሳቸው ስብ አንቲቦዲውን ስለሚውጠው ከቀሩ ውጤቱ ይበላሻል። ከዚያ በእስያ የሚገኝ የራስል እፉኝት የተባለ እባብ መርዝ ተበርዞ ይጨመርና ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበት ሰከንድ ይቆጠራል። አንቲቦዲው ካለ ይዘገያል። ፎስፎሊፒድ በብዛት ሲታከልበት መዘግየቱ ከቀነሰ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ደሙን ሰውነት ውስጥ የሚያረጋው አንቲቦዲ ቱቦ ውስጥ ሲገባ መርጋትን ማዘግየቱ ሐኪሞችን ለብዙ ዓመታት ግራ አጋብቷል። የደም መርጋትን የሚከላከሉትን ሄፓሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ይህን ሳይናገር ደም ከሰጠ ውጤቱ ያሳስታል።

ፖዘቲቭ መሆን ብቻውን ግን በሽታው አለ አያሰኝም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የሲድኒ መስፈርት ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የደረሰ የጤና ችግር፣ ማለትም የደም መርጋት ወይም የተወሰነ ዓይነት የእርግዝና ጉዳት፤ እንዲሁም ቢያንስ በ12 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ የተገኘ አንቲቦዲ። የካርዲዮሊፒን አንቲቦዲውም መጠን መካከለኛ ወይም ከፍተኛ መሆን አለበት። 12 ሳምንት የሚጠበቀው ኢንፌክሽን አንቲቦዲውን ለጊዜው ስለሚያስነሣው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ኢንፌክሽኑ ሲያልፍ አብሮ ይጠፋል።

ሥጋ ደዌ ግን በዚህ ሕግ አይመራም። በተለይ ጀርሙ በሰውነታቸው በብዛት በተሰራጨባቸው ሕሙማን ላይ፣ በአብዛኛው አይጂኤም የሚባለው ዓይነት አንቲቦዲ ይገኛል፤ ሊቆይም ይችላል። ሌሎች ኢንፌክሽኖች እምብዛም የማያስነሡት የቤታ 2 ግላይኮፕሮቲን አንቲቦዲ እንኳ ይታይባቸዋል። ያም ሆኖ ብዙዎቹ ደማቸው አይረጋም። ስለዚህ በዘነበወርቅና በቆሼ ዙሪያ ለሚኖር የሥጋ ደዌ ታካሚ ይህ ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ ከቁጥሩ በፊት ሰውየውን መጠየቅ አለበት፦ እግርህ አብጦ ያውቃል? ስትሮክ መትቶሃል? ሴት ከሆነች፣ ስንት ጽንስ ወረደብሽ፣ በስንተኛው ወር? በሌላ በኩል ሦስቱም ምርመራዎች ፖዘቲቭ የሆኑበት፣ በተለይ አይጂጂ የተባለው ዓይነት ከፍ ያለበትና ደም ረግቶበት የሚያውቅ ሰው ዳግም የመርጋት አደጋው ትልቅ ነው፤ ለእሱ ቸልታ አይገባም።

በሽታው ሲረጋገጥ ደም ረግቶበት ለሚያውቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዋርፋሪን ይታዘዛል፤ መጠኑም በአይኤንአር እየተለካ ይስተካከላል። ዋርፋሪን ጽንስ ይጎዳል፤ ስለዚህ መውለድ የምታስብ ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። በእርግዝና ጊዜ የሚሰጠው አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪንና ከቆዳ ሥር የሚወጋ ሄፓሪን ነው፤ በዚህ ሕክምና ብዙዎቹ ሕያው ልጅ ታቅፈዋል። የመጀመሪያውን ውጤት ወረቀት ከክትትል ካርዱ ጋር ማስቀመጥ ይገባል፤ ከ12 ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ሲመጣ ሐኪሙ ጎን ለጎን ሊያያቸው ይፈልጋል።