በአሜሪካ የሕክምና ሥልጠና ለሚሹ ወጣት ሐኪሞችና ለቤተ ሰባቸው

በአገራችን የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው፥ ሬዚደንሲ የሚባለውን የልዩ ሕክምና ሥልጠና በአሜሪካ ለመቀጠል የሚያስቡ ወጣቶች አሉ። ቦታው የሚገኝበትን መንገድ አስቀድሞ ማወቅ የሐኪሙም የቤተ ሰቡም ጉዳይ ነውና፥ ዛሬ በዚሁ ላይ ጥቂት ልናትት ወደድን።

እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ አመልካቾችና ሆስፒታሎች የሚገናኙት በአንድ የድልድል ሥርዓት ነው። ሐኪሙ በመስከረም ያመለክታል፤ ከጠሩት ሆስፒታሎች ጋር ቃለ መጠይቅ ያደርጋል፤ ከዚያም ሁለቱም ወገኖች የመረጡትን በቅደም ተከተል ጽፈው ያስገባሉ። በመጋቢት የሚገለጠው ውጤት ሁለቱንም ያስራል። ሳይደለደል የቀረ፥ ከተረፉት ቦታዎች ካላገኘ፥ ሌላ ዓመት ይጠብቃል።

ብልኀት የሚያስፈልገው በማመልከቻው ላይ ነው። ማመልከቻው በበዛ ቁጥር ወጪው ይጨምራል፤ ገንዘቡም ብዙ ጊዜ የወላጅና የዘመድ ነው። ስለዚህ ሆስፒታሉ በውጭ አገር የተማረ ሐኪም ይቀበል እንደ ሆነ፥ ከተመረቀ ስንት ዓመት ድረስ እንደሚፈቅድ፥ በየትኛው ቪዛ እንደሚያስገባ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ስለሚባል፥ የሁለተኛው ደረጃ ፈተና ነጥብ ክብደቱ ጨምሯል። ጄ ዋን በሚባለው ቪዛ የሚሄድም፥ ግዴታው በልዩ ፈቃድ ካልተነሣለት በቀር፥ ከሥልጠናው በኋላ ለ2 ዓመት ወደ አገሩ ይመለሳል። ባለትዳር የሆነ ከባለቤቱ ጋር ይምከርበት።

የምርጫውን ቅደም ተከተል ለመጻፍ ግን የሚበጀው እውነት ነው። አንዳንዶች «ይህ ሆስፒታል አይቀበለኝም፤ ባስቀድመው ሌላውን ያሳጣኛል» ብለው የወደዱትን ወደ ታች ያወርዳሉ። ስጋቱ መሠረት የለውም። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የሚሠራበት ስሌት የሚነሣው ከአመልካቹ ምርጫ ነው፤ አንደኛው ካልተቀበለው ወደ ሁለተኛው ያሻግረዋል። ሁለተኛው ቦታውን ለጊዜው ለሌላ ሰጥቶ ቢሆን እንኳ፥ በዝርዝሩ ይህን ሐኪም ካስቀደመ የፊተኛውን ለቆ እርሱን ይይዛል። ስለዚህ ከፍ ያለውን በማስቀደሙ ዝቅ ያለውን የሚያጣ የለም። ይህን ስሌት ካሻሻሉት አንዱ አልቪን ሮት፥ ከሎይድ ሻፕሊ ጋር፥ እ.ኤ.አ. በ2012 በኢኮኖሚ ሳይንስ የኖቤል መታሰቢያ ሽልማት ተቀብለዋል። ሊያገለግሉበት የማይፈቅዱትን ሆስፒታል ግን ጨርሶ አለመጻፍ ይሻላል።

ወላጆችም የሆስፒታሉን ዝና ብቻ አይተው ልጃቸውን ባያስጨንቁ መልካም ነው። በዚያ 3 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ነቅቶ የሚያድረው እርሱ ነውና፥ ምክራቸውን ከሰጡ በኋላ ምርጫውን ለእርሱ ይተዉለት።