የውሮ እንቅርት

ድመት የምመዝነው ከራሴ ጋር ነው። መጀመሪያ ብቻዬን ሚዛኑ ላይ እወጣለሁ፤ ቀጥሎ ድመቷን አቅፌ እወጣለሁ፤ ከዚያ መቀነስ ነው። አሰላ ላይ የእንስሳት ክሊኒክ የሚከፈተው ለላምና ለበግ ነውና ለድመት የሚሆን ሚዛን የለኝም። የዚያን ቀን ልዩነቱ 2.6 ኪሎ ሆነ። ከሦስት ዓመት በፊት ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በመጣች ጊዜ በገዛ እጄ ካርዷ ላይ የጻፍኩት 4.1 ነበር።

«ትበላለች እኮ ዶክተር!» አሉ ባለቤቷ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። «እንዲያውም አልጠግብ ብላለች። ሌሊት ፊቴን እየነካካች ታስነሣኛለች። ድሮ ምድጃ ሥር ተጠቅልላ የምትውል ነበረች፤ አሁን እግሯ ማረፊያ አጣ። እኔ ሁዳዴን ስጾም ሥጋ የምገዛው ለእሷ ብቻ ነው፣ ያ ሁሉ የት እንደሚገባ እንጃ።»

ውሮ 13 ዓመቷ ነው። በእኛ ከተማ ድመት ለዚህ ዕድሜ አትበቃም፤ የአይጥ መርዝ የበላ አይጥ ትበላለች፣ ባጃጅ ይገጫታል፣ ውሻ ይይዛታል። ፀጉሯ ተንጨብርሯል። ልቧን ሳዳምጥ የደቂቃውን መቁጠር አቃተኝና የ15 ሰከንዱን በ4 አባዝቼ ወደ 240 ገደማ አገኘሁ። ከዚያ አገጯን ቀና አድርጌ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ የአየር ቧንቧዋን ግራና ቀኝ ይዤ ቀስ እያልኩ ወደ ደረቷ ወረድኩ። በግራ በኩል አተር የሚያክል ነገር ከጣቴ ሥር ሸርተት አለ።

እኔ አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። «እንቅርት ነው አይደል? ጠርጥሬ ነበር።» ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አንገታቸውን አሳዩኝ። ሦስት ረድፍ ንቅሳት፣ ከንቅሳቱ ሥር ደግሞ ለስለስ ያለ እብጠት። ልጅ ሳሉ እናታቸው እንዳያድግ ብለው ያስነቀሷቸው ነው። «ስለዚህ አዮዲን ያለውን ጨው ገዝቼ ወተቷ ላይ እበትንላታለሁ። ሁለት ወር ሆነኝ።»

ምን ብዬ ልቆጣ? እኚህ ሴት ያደረጉት ተማሪ ቤት ሲያስተምሩት የኖሩትን ነው። ደግሞም ትምህርቱ ትክክል ነው፤ ለእሳቸው።

አማርኛችን እንዲህ ላለው የአንገት እብጠት ያለው አንድ ቃል ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ስንል መከራ ላይ መከራ ማለታችን ነው፤ እንቅርቱ ራሱ ከምን እንደመጣ ተረቱ አይጠይቅም። እዚህ አርሲ ደግሞ መጠየቅም አያስፈልግ ይመስላል፤ መልሱ ከመሬቱ ነዋ። አዮዲን በውኃ የሚሟሟ ነገር ነው። ከጭላሎና ከካካ ቁልቁል የሚወርደው ዝናብ አፈሩን ለዘመናት ሲያጥበው ኖሯል፤ ቀጣር ወንዝ የሚያገኘውን ጠርጎ ዝዋይ ሐይቅ ያገባዋል። አፈሩ ያጣውን ስንዴው ከየት ያመጣል? ስንዴው ያጣውንስ ገለባውን የምትበላው ላም? አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ነው፣ የዕድሜ ልኩ ተጠራቅሞ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ያቺ ስትጠፋ ግን በአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ የታይሮይድ ዕጢን «ሥሪ፣ ጨምሪ» እያለች ታስጨንቃታለች። ታይሮይድም ዱቄት እንዳለቀባት ባልቴት ምጣድ ታበዛለች። ምጣዱ በዛ፣ አንገቱ አበጠ፣ እንጀራው ግን የለም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ ልጆች ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቶ ነበር። የዚህ ግማሹ ታሪክ የጂኦግራፊ፣ ግማሹ የጦርነት ነው። ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን የተጨመረበት ጨው በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ ቆመ፤ በምትኩ የአፋሩ አፍዴራ ጨው አዮዲን ሳይነካው ገበያውን ሞላው። እ.ኤ.አ. በ2011 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ሲደረግ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤቶች ብቻ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ዳሰሳ ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ። መጠኑ በየከረጢቱ እኩል ባይሆንም እንዲህ በአጭር ጊዜ የተገለበጠ ነገር ብዙ አላየሁም።

ደንቡ ያልደረሰው በረት ውስጥ ነው። ወደ ሳጉሬ በኩል ያሉ አንድ ገበሬ በአንድ ክረምት አራት ግልገል ሞተውባቸው ጠሩኝ። የሞቱት ፀጉር የላቸውም፤ ቆዳቸው እንደ ተላጨ ነው፤ ጉሮሯቸው ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያክል እብጠት ተሸክመዋል። ጎረቤት ቡዳ ነው ብሏቸዋል። እኔ ወደ ገንዳው ሄድኩ፤ ገንዳው ውስጥ ያለው የጎመንዘር ፋጉሎ ነበር። እርጉዞቹ በጎች ከጥቅምት ጀምሮ ሌላ መኖ አልቀመሱም። ጨውስ? ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣ ቦሌ የሚባል ጨዋማ አፈርና ከገበያ በጆንያ የሚገዛ ጥሬ ጨው። ጎመንዘር ውስጥ ታይሮይድ አዮዲኑን ወደ ሆርሞን እንዳትለውጥ እጇን የሚይዝ ንጥረ ነገር አለ። አዮዲን በሞላበት አገር ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል፤ አዮዲን በሌለበት ግን ያው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። «ኦቦ፣ ፋጉሎውን ለበሬዎቹ ያድርጉት፤ ለእርጉዞቹ እርስዎ ወጥ ውስጥ የሚጨምሩትን ጨው ይስጧቸው» አልኳቸው። «የሰው ጨው ለበግ?» ብለው ሳቁ። በቀጣዩ ዓመት ግልገሎቹ ፀጉር ለብሰው ተወለዱ።

እኔ በዚህ ነው የተቀረጽኩት። አርሲ ውስጥ የእንስሳት ሕክምና ማለት እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ያስለመደን የፈረንጅ ድቅል ላም፣ ወተቷና ጥጃዋ ማለት ነው። አንገት ካበጠ አዮዲን አጥሯል፤ እጄ ይህን ያለ እኔ ፈቃድ ያስባል። ስለዚህ የውሮ ባለቤት እማማ ጨው ወተት ላይ ሲበትኑ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን የማደርገው እሱን ነበር።

የውሮ ነገር ግን ተቃራኒው ነው። የእሷ ታይሮይድ ዱቄት አላጣችም። አንድ ቁራጯ ከፒቱታሪ ትእዛዝ ወጥታ፣ ማንም ሳያዛት ሌት ተቀን መጋገር ጀምራለች፤ እማማ ደግሞ ዱቄት ያቀብላሉ። እብጠቷ በአብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ከመቶ ድመት በሁለት ወይም በሦስቱ ላይ ብቻ ነው ካንሰር የሚሆነው። የሚገድለው ሆርሞኑ ነው፦ ልብን ያስሮጣል፣ ጡንቻን ያቀልጣል። ይህ በሽታ በድመት ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1979 ኒውዮርክ ላይ ነው፣ ማርክ ፒተርሰን በሚባል ሐኪም። ለምን እንደሚመጣ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ በቆርቆሮ ምግብ ውስጥ ያለው ከፍ ዝቅ የሚል አዮዲን ከሚጠረጠሩት አንዱ ነው። ውሮ ግን ቆርቆሮ አይታ አታውቅም። አንድ ነገር ግን መጠየቅ ነበረብኝ፦ ከሥጋ ቤት ጉሮሮና ማንቁርት ይሰጣታል? የታረደው በሬ ታይሮይድ እዚያው ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር እሱን የሚበላ እንስሳ የሌላ ፍጥረት ሆርሞን ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የአንገት ሥጋ የተፈጨበትን በርገር የበሉ ሰዎች ልባቸው እየዘለለ ሐኪም ቤት ሞልተዋል። እንዲያ ቢሆን ግን የራሷ ዕጢ ሥራ ፈትቶ ይሟሽሽ ነበር እንጂ አተር አያክልም። እማማም «ጉሮሮ! እኔ ለውሮ?» ብለው ተቆጡ።

ደሟን ቀድቼ ወደ ሰው ላብራቶሪ ላክሁ፤ ሌላ የለኝም። ቅጹ ላይ ስም፦ ውሮ፣ ፆታ፦ ሴት፣ ዕድሜ፦ 13 ብዬ ሞላሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ባለሙያው ደወለልኝ። «ዶክተር፣ ልጅቷ ደህና ናት፤ ቲ ፎሯ 9.8 ነው፣ መደበኛ።» አልዋሸም። ለአዋቂ ሰው ከ5 እስከ 12 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ጤና ነው። የጤነኛ ድመት ግን ከ4 ብዙም አያልፍም። ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ «መደበኛ» የሚል ማኅተም የተመታባት ውሮ ከሚገባት ከሁለት እጥፍ በላይ ተሸክማ ነበር።

የሚያስቆጨኝ ሕክምናው ነው፤ ምርጡ ሕክምና አዮዲን ራሱ ስለሆነ። ጨረር አመንጪ አዮዲን 131 በአንድ መርፌ ከቆዳ ሥር ይሰጣል። ያቺ ያበደችው ቁራጭ አዮዲን ስታይ አትጠግብምና ትውጠዋለች፤ በዋጠችው ትቃጠላለች። ጤነኛው ቁራጭ ደግሞ ሆርሞኑ ስለበዛ ፒቱታሪ ዝም ብላዋለች፤ ተኝቷል፣ ስለዚህ አይነካም። ከመቶ ድመት ወደ 95ቱ በዚች አንድ መርፌ ይድናሉ። የአዮዲኑ ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ነው፤ ድመቷ ጨረሩ እስኪበርድላት ለብቻዋ ትቀመጣለች፣ ዓይነ ምድሯ እንኳ ተጠብቆ ይወገዳል። ይህን የፈለሰመ ሰው የበሽታውን ሆዳምነት ወጥመድ አድርጎታል፤ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ግን የባሕር ማዶ ነገር ነው። ቀዶ ሕክምና አለ፤ ከታይሮይዷ አጠገብ ያሉትን የካልሲየም ዕጢዎች አብሮ ካነሣ ድመቷ በመንቀጥቀጥ ልትሞት ትችላለችና አልደፈርኩም። አዮዲን የተቀነሰበት ምግብም አለ፤ ከዚያ ሌላ አንድ ጉርሻ መቅመስ የለባትም። ከእማማ ሰሐን ለምትበላ ድመት ይህ ቀልድ ነው።

የቀረው ታይሮይድን የሚገታ ክኒን ነው። መድኃኒት ቤቱ ያለው ለሰው የሚሰጠው ፒቲዩ ብቻ ሆነ። አልወሰድኩትም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሐኪሞች ለድመት ሞክረውት ቀይ የደም ሕዋሷን ሲያፈርስ፣ ደሟ እንዳይረጋ ሲያደርግ አይተው ነው የተውት፤ በምትኩ የያዙት ሜቲማዞልን ነው። እሱን የእማማ ልጅ ከምትኖርበት አገር ላከች። ጠዋት 2.5 ሚሊግራም፣ ማታ 2.5፣ በጥብስ ቁራጭ ተጠቅልሎ። ጥብሱ ያለ ጨው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1928 ባልቲሞር ውስጥ ለሌላ ምርምር ጎመን ይቀለቡ የነበሩ ጥንቸሎች እንቅርት አወጡ፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ኒውዚላንድ ላይ የጎመንዘር ዘመድ ፍሬ የበሉ አይጦችም እንዲሁ። በዚያው ዘመን ኤድዊን አስትዉድ የሚባል ሐኪም ታይሮይድን የሚያስሩ ተመሳሳይ ንጥረ ነገሮችን ይዞ ለሰው መድኃኒት አደረጋቸው። የውሮ ክኒን የዚያ ቤተሰብ ነው። ሳጉሬ ላይ ከበጎቹ ገንዳ ያስወጣሁት ባሕርይ እዚህ በጥብስ ተጠቅልሎ ይሰጣል።

በአምስተኛው ሳምንት አቅፌያት ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ 3.1። ልቧ ወደ 180 ወርዳለች። ኩላሊቷንም አስመረመርኩ፤ የሆርሞኑ ሩጫ ደም እያቻኮለ የኩላሊት ድካምን ይሸፍን ነበርና ሲበርድ ብዙ ጊዜ ያ ይወጣል። ለጊዜው ደህና ነው። ቲ ፎሯን ሁለተኛ ላክሁ። ላብራቶሪው ዘንድ አሁን ትታወቃለች፤ ባለሙያው ከስሟ አጠገብ በእስክሪብቶ «ድመት» ብሎ ጽፏል። ማሽኑ ግን አልተነገረውም። 2.9 የሚለውን ቁጥር በቀይ አትሞ አጠገቡ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አድርጎበታል።

እማማ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው መነጽራቸውን አደረጉ። ቀዩን ቀስት አዩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ወርዷል እኮ ይላል፣ ዶክተር። ጨዉን ልመልስላት እንዴ?»