ነፍሰ ጡር እናቶች ስለ ሕፃን ድድና ስለ «ግግ» ሊያውቁት የሚገባ

ብዙ እናቶች ስለ ልጃቸው ጥርስ ማሰብ የሚጀምሩት የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ሲል፣ ይኸውም በ6ኛው ወር ገደማ ነው። ነገር ግን የሃያዎቹ የወተት ጥርሶች መሠረት የሚጣለው ሕፃኑ ገና በማሕፀን ሳለ ነው። በፅንሱ 6ኛ ሳምንት ገደማ መፈጠር ይጀምራሉ፤ በ4ኛውም ወር ገደማ መጠንከር ይጀምራሉ። ስለዚህ ሕፃኑ ድዱ ባዶ መስሎ ቢወለድም፣ ጥርሶቹ ከድዱ ሥር ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ይህን አለማወቅ የሚያስከትለው ጉዳት «ግግ ማስወጣት» በሚባለው ልማድ ይታያል። ሕፃኑ ጥቂት ወራት ሲሞላው ክራንቻው በሚወጣበት ስፍራ ድዱ ነጣ፣ አበጥ ብሎ ይታያል። በዚሁ ዕድሜ ሕፃኑ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚያገባ፣ ምግብም ስለሚጀምር፣ ተቅማጥ ይበዛበታል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጊዜ ስለሚገጥሙ እብጠቱ የተቅማጡ ምክንያት ይመስላል። አዋቂ የተባለው ሰው ተጠርቶ ድዱን በስለት ይፈለፍላል፤ የወጣውንም ለስላሳ ነገር «ትሉ ይኸው» ብሎ ያሳያል። ያ ግን ትል ሳይሆን ገና ያልጠነከረ የሕፃኑ የገዛ ጥርስ ነው።

ይህን የሚያደርጉ ቤተሰቦች ክፋት አስበው አይደለም፤ ልጁን ለማዳን ነው። ሆኖም ደም ይፈስሳል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ መንጋጋ ቆልፍና ኤች አይ ቪም በስለቱ ሊተላለፉ ይችላሉ። ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ ይጣመማል፤ አንዳንዴም ሳይበቅል ይቀራል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ድርጊቱን ይከለክላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጊዜው በከንቱ ማለፉ ነው፤ ተቅማጥ ሕፃንን የሚገድለው የሰውነቱን ውሃ በመጨረስ ነውና።

ስለዚህ ጡት ሳይቋረጥ፣ ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በከረጢቱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጦ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት መስጠት ያስፈልጋል። ዚንክም ከጤና ጣቢያ ይገኛል። ዐይኑ የጎደጎደ፣ መጥባት ያቃተው ወይም ደም የሚያስቀምጠው ሕፃን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ይህ ሁሉ ለነፍሰ ጡር የሚነገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁ በሚያቃስትበት ሌሊት አንዲት ወጣት እናት ከእናቷና ከአማቷ ጋር ለመከራከር አቅም አይኖራትም። ስለዚህ ለእርግዝና ምርመራ ስትሄድ አማቷን ይዛ ብትሄድ፣ ነገሩንም ከአዋላጇ አፍ አብረው ቢሰሙ ይበጃል።

በዚያው ጊዜ የራሷንም አፍ ታስመርምር፤ በእርግዝና ድድ በቀላሉ ይደማልና፣ ማጽዳቱን ማቆም አይገባም። ቤት የተረፈ ቴትራሳይክሊን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትዋጥ፤ የፅንሱን ጥርስ ያበልዛል።

የድዱ እብጠት ግን ምንም መድኃኒት አይሻም። ክራንቻው ከ16ኛው እስከ 20ኛው ወር ባለው ጊዜ ገደማ በራሱ ይወጣል።