ቆዳን የሚያለሰልሰው ቅባቱ ሳይሆን ውሃው ነው

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ የደጋው አየር ጠባዩን ይለውጣል። ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ የቀኑ ፀሐይ ይከርራል። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ የእጅ ጀርባ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ተረከዝ ይነቃል። ያኔ ቫዝሊኑ ከቁም ሳጥን ወጥቶ ቦርሳና ኪስ ውስጥ ይገባል። ትንሿን ክብ ቆርቆሮም ሆነ እየተሽከረከረ የሚወጣውን የከንፈር ቅባት ብዙዎቻችን የምንገዛው፣ ደረቅ ቆዳ ያጣው ቅባት ነው፣ ቅባት ሲያገኝ ይለሰልሳል ብለን ነው። ይህ እምነት ግማሹ ብቻ ልክ ነው። የቀረውን ግማሽ ያወቀ ሰው ግን በዚያው ቆርቆሮ የተሻለ ይጠቀማል።

ኢርቪን ብላንክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጥናት ነገሩን በቀላል መንገድ ፈትኖታል። ከሰው እግር የተላጠ ደንዳና ቆዳ ወስዶ አደረቀው። የደረቀው ቁራጭ ግትር ሆነ። ዘይትና ቅባት ውስጥ ቢዘፈዘፍም ግትርነቱን አልተወም። ውሃ ሲያገኝ ግን ለሰለሰ፤ ሳይሰበር ይተጣጠፍም ጀመር። ከዚያ ወዲህ የቆዳ ሳይንስ በዚህ ነጥብ ላይ አላመነታም፤ የቆዳን የላይኛ ንብርብር የሚያለሰልሰው ውሃ ነው። በዚያ ንብርብር ውስጥ ያለው ውሃ ከ10 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ቆዳው ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል።

ታዲያ ውሃው ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ከውስጥ፣ ከጥልቁ የቆዳ ክፍል ነው። ወደ ላይ እየሰረገ ይወጣና ወደ አየር ይተናል። ይህን ትነት የሚገታው የላይኛው ንብርብር ውፍረቱ በአብዛኛው የሰውነታችን ክፍል ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። አሠራሩን ለማስረዳት ፒተር ኢላያስ የተባሉት የካሊፎርኒያ የቆዳ ሐኪም በግንብ መስለውታል። የሞቱት ጠፍጣፋ ሴሎች ጡቦቹ ናቸው፤ በመካከላቸው ያሉት ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ የተባሉ ቅባቶች ደግሞ ጡቦቹን የሚያያይዘው ጭቃ ናቸው። ሳሙና ሲበዛ የሚያጥበው ይህን ጭቃ ነው። ጡቦቹ በበኩላቸው ውሃ ይዘው የሚያቆዩ ንጥረ ነገሮች አሏቸው፤ እነዚህም በብዛት የሚገኙት ፊላግሪን ከተባለ ፕሮቲን ነው። ችፌ የሚያስቸግራቸው ብዙ ሰዎች የዚህ ፕሮቲን ዘረመል ጉድለት እንዳለባቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ታውቋል። ስለዚህ ልጄ ቆዳው የሚደርቀው ስላልተንከባከብኩት ነው ብላ ራሷን የምትወቅስ እናት ካለች፣ ጥፋቱ የእሷ ላይሆን እንደሚችል ትወቅ።

አየሩ በደረቀ መጠን ትነቱ ይፈጥናል። ቀዝቃዛ አየር ትንሽ ውሃ ብቻ ስለሚሸከም በአሜሪካና በአውሮፓ ክረምት ማሞቂያ የበራበት ቤት ቆዳን ክፉኛ ያደርቃል። የአውሮፕላን ውስጥ አየርም እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ከንፈር ከሌላው ቆዳ ቀድሞ የሚጎዳው ንብርብሩ ስስ ስለሆነና እንደ ፊት ቆዳ ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች ስለሌሉት ነው። በምላስ ማራሱ ደግሞ ያባብሰዋል፤ ምራቁ ሲተን ከንፈሩ ከበፊቱ ይልቅ ይደርቃል።

ቅባት ሥራው እዚህ ላይ ነው። ውሃ አይሰጥም፤ ያለው ውሃ እንዳይተን ይከለክላል። በዚህ ሥራ ከቫዝሊን የሚስተካከል ጥቂት ነው። ሮበርት ቺዝብሮ የተባለ ወጣት ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1859 ፔንሲልቬንያ ወደሚገኘው የነዳጅ ጉድጓድ ሲሄድ፣ ሠራተኞቹ ከመቆፈሪያው ዘንግ ላይ የሚፍቁትን ጥቁር ዝልግልግ ነገር ቁስላቸውን ሲቀቡት አየ። አጣርቶ አነጣውና በ1872 የባለቤትነት መብት አወጣበት። በደንብ ከተቀባ ትነቱን እስከ 98 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ከላይ ተኝቶ ቆዳውን ያፍናል የሚለው ወሬም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በላይኛው ንብርብር ሴሎች መካከል ይገባል፤ ከሥሩም ቆዳው ራሱን መጠገኑን ይቀጥላል።

ለኪስ የሚመች ቅባት ግን ሌላም ጠባይ ያስፈልገዋል፤ መፍሰስ የለበትም። ለዚህ የማር ሰም ይጨመርበታል። ሰም የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ አለፍ ሲል ነው። ከዘይት ጋር ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ጥቃቅን ክሪስታሎቹ ዘይቱን በመካከላቸው ይዘው ያስቀሩታል፤ በጣት ሲፈተግ ደግሞ ይለቁታል። እንደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት በሚበረታበት ቦታ ሰሙ በዛ ማለት አለበት። ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ከጠጅ የሚቀረው ሰፈፍ ነጥሮ ሰም ይወጣዋል። በጋምቤላ ደግሞ ፍሬው የሺያ ቅቤ የሚወጣው ዛፍ ይበቅላል። ጥሩ የኪስ ቅባት ለመሥራት የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ በእጃችን ሆኖ ሳለ ሱቁን ከውጭ የመጣ ዕቃ መሙላቱ ያሳዝነኛል።

አቀባቡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በደረቀ ቆዳ ላይ የተቀባ ቅባት የሚጠብቀው ውሃ የለውም ማለት ይቻላል። እጅ ከተታጠበ በኋላ በፎጣ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ገና እርጥብ ሳለ መቀባት ነው። የምስር ፍሬ የምታህል ቅባት በመዳፍ ተሟሙቃ ለሁለት እጅ ትበቃለች። ግሊሰሪን ውሃ ስለሚስብ ጥሩ ነው፤ በደረቅ አየር ብቻውን ሲቀባ ግን ውሃውን ከቆዳው ውስጥ ሊስብ ስለሚችል ከላዩ ቫዝሊን ቢደረብበት ይሻላል። ካምፎር፣ ሜንቶልና ሽቶ የበዛበትን ለተሰነጠቀ ከንፈር አልመርጥም፤ ያቃጥላል። ቅባት የጠጣ ነጠላ ወይም ጋቢ ለብሶ ምድጃ አጠገብ መቆምም አደገኛ ነው፤ ጨርቁ ቶሎ ይቀጣጠላል።

ይህ ሁሉ የውበት ጉዳይ ብቻ ለሚመስለው አንባቢ ዝሆኔን ላንሳ። በሽታው በባዶ እግራቸው በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት የሚሠሩ ገበሬዎችን እግር የሚያሳብጥ ነው። ያበጠው እግር ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ተሕዋስያን ሲገቡ ትኩሳትና ሕመም ሰውየውን ለቀናት ከአልጋ ያውለዋል። በኢትዮጵያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ በእግር መዘፍዘፊያው ውሃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን መጨመር የቆዳውን ውሃ የመያዝ ዐቅም እንዳሻሻለ፣ የሚያስፈልገውንም ውሃ ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር ማውረድ እንደተቻለ አሳይቷል። ውሃ ከሩቅ ምንጭ በጀርባ ለሚቀዳበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው ሌላ ጥናትም እግርን ማጠብ፣ ቆዳን መንከባከብ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ አንድ ላይ ሲሆኑ የሕመሙን መቀስቀስ እንደሚቀንሱ አረጋግጧል።

ስለዚህ ቫዝሊንና ግሊሰሪን ዝሆኔ ባለበት ወረዳ ሁሉ በየጤና ጣቢያው እንደ ማንኛውም መድኃኒት ሳይቋረጡ ሊገኙ ይገባል። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ደግሞ ተረከዙ ተሰንጥቆ ከደማ በቅባት ብቻ አያስታምመው፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው።