ኮሪያ ከእኛ ትደኸይ ነበር?

ደብረ ማርቆስ ላይ ቡና ተፈልቶ ወሬው ኮሪያ ላይ ከደረሰ፣ «ያኔ እኮ ረጂዎቹ እኛ ነበርን፤ ከእነሱ ሀብታም ነበርን» የሚል አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። ኢትዮጵያ የላከችው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ጦርነት ዘመተ። በተከታታይ ዙር ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሄደዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል።

«ሀብታም ነበርን» የሚለው ግን ስህተት ነው። የምጣኔ ሀብት ታሪክ አጥኚው አንገስ ማዲሰን ባሰላው መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የአንድ ደቡብ ኮሪያዊ አማካይ ገቢ የአንድ ኢትዮጵያዊን እጥፍ ገደማ ነበር። ሴኡል በጦርነት ስትፈርስ አዲስ አበባ ደኅና ቆማ ስለነበር፣ ሁለቱን ከተሞች ያየ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም።

ደግሞም ልዩነቱ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ላይ ባዋለችው የመሬት አዋጅ አንድ ባለቤት ከ3 ሄክታር ገደማ በላይ እንዳይዝ ከለከለች፤ ትርፉን ጭሰኛው በ5 ዓመት ከፍሎ የራሱ አደረገው። አሥር ዓመት ሳይሞላ ለትምህርት ከደረሱ ልጆች አብዛኞቹ አንደኛ ደረጃ ገብተው ነበር። በኢትዮጵያ ግን አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ሲፈነዳ ከ10 ሰው 9ኙ ማንበብ አይችልም ነበር።

ደብረ ማርቆስ ያለችበትን ጎጃምን ደግሞ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። በግንቦት 1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮሪያ ሄደው በቹንቾን ከተማ የቃኘውን መታሰቢያ ሐውልት መረቁ። በዚያው ዓመት የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ጠመንጃ አንሥቶ ነበር። እሱ እንደ ደቡቡ ጭሰኛ ሳይሆን ርስተኛ ነበር። የግብር ገማቾቹ ሲመጡበት «መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊሄድ ነው» ብሎ ሠጋ። ሞጣና ሌሎችም አውራጃዎች ሸፈቱ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ቢልክም ግብሩን እንዳሰበው መሰብሰብ አልሆነለትም፤ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ከቦታቸው ተነሡ። ገበሬው ክፉ ወይም ኋላ ቀር ስለነበር አልነበረም ያመፀው። ከሐኪምና ከአስተማሪ በፊት ግብር ገማች የደረሰበት ሰው መንግሥትን የሚያምንበት ምክንያት አልነበረውም።

«ጎጃም ለም ነው፤ ጤፉ ለአዲስ አበባም ይተርፋል፤ ምን ጎደለው?» የሚሉም አሉ። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጎጃም ባለበት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የአገሪቱ አማካይ 37 በመቶ ነበር። ጎተራ መሙላቱ ብቻውን የሕፃኑን ገበታ አያሟላም።

ሌላው እምነት ጤና መድን ለድሃ አገር ቅንጦት ነው የሚለው ነው። ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1977 ስትጀምረው የአንድ ሰው ዓመታዊ ገቢ 1,000 ዶላር ገደማ ነበር። የጀመረችውም 500 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካላቸው ድርጅቶች ነው፤ የገጠሩ ሰው 11 ዓመት ጠብቆ በ1988 ገባ፣ በ1989 ደግሞ ለሁሉም ተዳረሰ። ኢትዮጵያ በተቃራኒው ከገበሬው ተነሣች። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር የምዕራብ ጎጃሙ ደቡብ አቸፈር አንዱ ነበር። ኮሪያ በበለጸገች ጊዜ ለገጠሩ ያዳረሰችውን፣ የአቸፈር ገበሬ በድህነቱ መዋጮ አውጥቶ ጀመረው።

ችግሩ ግን ከመድኑ አባልነት ደብተር በኋላ ይመጣል። መዋጮውን የከፈለ አባል ጤና ጣቢያ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዛ» ሲባል ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ውጊያ ደግሞ መንገዱንም አቅርቦቱንም አክብዶታል። የወረዳና የክልል ኃላፊዎች የአባላትን ቁጥር ከመዘርዘር በፊት የመድኃኒት መደርደሪያውን ይመልከቱ፤ ገበሬው ድርሻውን ከፍሏል።