የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ

ከኢንተርኔት ያወረድነው ሶፍትዌር «የሙከራ ጊዜዎ አልቋል» ሲል ውስጡ የተበላሸ ነገር የለም። ፕሮግራሙ የተጫነበትን ቀን በኮምፒውተሩ ውስጥ ጽፎ አስቀምጧል፤ ዊንዶውስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሬጅስትሪ በሚባለው መዝገብ ወይም በአንድ ስውር ፋይል ውስጥ ነው። በተከፈተ ቁጥር ያን ቀን ከዛሬው ጋር ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ ከተፈቀደው ካለፈ ሥራውን ያቆማል። ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ስለሆነ አጥሩን ለመዝለል የሚሞክር አይጠፋም። አጥሩ ዝቅ ያለ መሆኑን አልክድም፤ የምከራከረው ግን ጉዳቱ ያለው በዝላዩ ላይ ነው ብዬ ነው።

ዝቅ ያለውም በስንፍና አይደለም። በ1982 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው አንድሩ ፍሉግልማን ፒሲ-ቶክ የተባለ ፕሮግራሙን ሰው ሁሉ እንዲያባዛው ፈቅዶ፣ የወደደው 25 ዶላር እንዲልክለት ጠየቀ። ሞክሮ የመክፈል ልማድ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ፋይል የሚጨምቀው ዊንራር ዛሬም ይህንኑ መንገድ ይከተላል፤ የ40 ቀን ሙከራው ካለቀ በኋላ ማስታወሻ ከማሳየት በቀር ሥራውን አይከለክልም። ግለሰቡ ባይከፍል እንኳ ኦዲት የሚፈራ ድርጅት ይከፍላል።

በጣም የተለመደው ዘዴ የኮምፒውተሩን ቀን ወደኋላ መመለስ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ግን መጨረሻ የተከፈቱበትን ቀንም ስለሚመዘግቡ ይነቁበታል፤ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር የሚማከሩት ደግሞ የእኛን ሰዓት ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ከዚህ የባሰም አለ። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት የደኅንነት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ ባለፈው ዓመት ላይ ከቆመ ሰርተፍኬቱ ገና ያልጸና ይመስለውና የባንኩንም የኢሜይሉንም ገጽ አልከፍትም ይላል።

ሁለተኛው ዘዴ ክራክ ነው። ክራክ ቀኑን የሚያነጻጽረውን ትእዛዝ ራሱን ይለውጣል፤ ለዚህም የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜም «አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚል መመሪያ አብሮት ይመጣል። ማንነቱን ለማናውቀው ሰው በራችንን ከፍተን ዘበኛውን አሰናበትን ማለት ነው። ስቶፕ ወይም ጄቩ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዋናነት የተሠራጨው በዚሁ መንገድ ነው። በ2019 ነጻ መፍቻ ቢወጣለትም ቁልፉ ከአጥቂዎቹ ሰርቨር የመጣ ከሆነ አይፈታም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

«ታዲያ በምን ልክፈል?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። ዋጋው በዶላር ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ቀላል አይደለም። የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ መሆኑን መጥቀስ ብቻውን ይህን ችግር አይፈታም። የሚፈታው ሌላ ምርጫ ነው። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብረኦፊስ፣ ለፎቶ ጊምፕ፣ ለተጨመቁ ፋይሎች ሰቨን-ዚፕ አሉ፤ ያለ ክፍያና ያለ ቀን ገደብ ይሠራሉ። ሙያዊ ሥራ ላይ ከሚከፈልባቸው የሚያንሱበት ቦታ እንዳለ አልሸሽግም፤ ለአብዛኛው ተጠቃሚ ግን ይበቃሉ።

«ሥራዬ ፕሮግራሙ ውስጥ ታግቶብኛል» የሚለውም ይሰማል። የማይክሮሶፍት ኦፊስ ፈቃድ ሲያልቅ ማስተካከል ይከለከላል እንጂ ማንበብና ማተም አይቀርም፤ ሰነዶቹንም ሊብረኦፊስ ይከፍታቸዋል። ሥራቸውን በራሳቸው ቅርጽ ብቻ በሚያስቀምጡ ፕሮግራሞች ግን ቀኑ ሳይደርስ ፋይሎቹን ወደ ተለመደ ቅርጽ መለወጥ ያስፈልጋል። ካርድ አስመዝግቦ የጀመረ ሰውም ካልሰረዘ ክፍያው በራሱ ሊቀጥል ይችላል።

የመጨረሻው ተቃውሞ «ዊንራር እንደሆነ ዝም ብሎ ይሠራል» የሚለው ነው። ይሠራል፤ ራሱን ግን አያድስም። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ለ19 ዓመታት ያህል ተደብቆ የኖረ የደኅንነት ቀዳዳው ይፋ ሆኗል፤ በ2023 እና በ2025 የተገኙትንም አጥቂዎች ተጠቅመውባቸዋል። ስለዚህ ዊንራር ያላችሁ የስሪቱን ቁጥር ተመልከቱ፤ ከ7.13 በታች ከሆነ አዲሱን ከራሱ ከአምራቹ ገጽ አውርዱ፣ ካልፈለጋችሁትም አጥፉት።